አሥራ አምስተኛው ምት

እኔ ጆሮዬ ጥሩ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ የኩራቱ ጊዜ አልፏል። ነገሩ ያለሱ ስለማይገባችሁ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜዬ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ከጠዋት እስከ ማምሻ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ «ሃሎ፣ ከየትኛው ክፍል ላገናኝዎት?» ስል እውላለሁ። ሰዎች ያለቅሱብኛል፣ ይቆጡኛል፣ ሐኪም ያገኙ መስሏቸው የሆዳቸውን ቁርጠት ከሥር ከመሠረቱ ያጫውቱኛል። አንዲት ሴትዮ በየሳምንቱ እየደወለች ስለ ጉልበቷ ትነግረኝ ነበር፤ ፊቷን አይቼው አላውቅም፣ ጉልበቷን ግን እንደ ራሴ ጉልበት አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ የሰው ድምፅ የሚባል ነገር ያንገሸግሸኛል።

ባቡር መቅዳት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ሰው ዘፈን ይቀዳል፣ እኔ ባቡር እቀዳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ያን ከባድ ቴፔን በትከሻዬ አንግቼ፣ ነፋስ እንዳይገባበት ማይኩን የአባቴን የሱፍ ካልሲ አልብሼ (ታጥቧል!)፣ ከከተማው ጣቢያ ሦስተኛው መሳፈሪያ ጫፍ ላይ ሄጄ እገተራለሁ። የመጀመሪያው ባቡር ሲገባ ፍሬኑ የሚያወጣው ሲቃ፣ ፉርጎዎቹ ሲቆሙ እርስ በርስ ሲገፋፉ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ቀስ እያለ ጠቅ፣ ጠቅ የሚለው፤ ከሁሉም የምወደው ይህን የመጨረሻውን ነው። ለዚህች ጠቅታ ብዬ በብርድ ግማሽ ሰዓት ትንፋሼን ይዤ ቆሜ አውቃለሁ። መንገደኛው ጋዜጠኛ እመስለዋለሁ፤ አንዳንዱ ፀጉሩን አስተካክሎ ፊቴ ይቆማል።

በከተማው ውስጥ እንደኔ የለየላቸው ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰዓት ሠሪው ሱቅ ጓሮ ተሰብስበን የሳምንቱን ቅጂያችንን እናሰማለን። ሰዓት ሠሪው አለቃችን ነው፤ ማንም አልሾመውም፣ ወንበሮቹ ሁሉ የእሱ ስለሆኑ ነው። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፤ ቅጂው ውስጥ የሰው ድምፅ መግባት የለበትም። ሳል አይሆንም፣ የተሸካሚ «ዞር በሉ!» አይሆንም፣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አይሆንም። የሰው ድምፅ የገባ እንደሆነ ሰዓት ሠሪው እስከ መጨረሻው አይሰማም፤ ጣቱን አንሥቶ «ቆሽሿል» ይላል። «ቆሽሿል» የተባለም ሰው አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይሄድና የቴፑን ክር በምላጭ እየቆረጠ፣ በፕላስተር እየቀጠለ ሲያጸዳ ይሰነብታል። ሁላችንም በምላጭ የተካንን ነበርን። እኔ ደግሞ ከሁሉም እበልጥ ነበር፤ እኔ የቀጠልኩበትን ቦታ ሰዓት ሠሪው ራሱ አያገኘውም።

አባቴ በዚያው ጣቢያ የመንኮራኩር መርማሪ ነበር። እሱ ግን መንኮራኩር አይልም፣ «እግር» ነው የሚለው። ባቡር ገብቶ ሲቆም ረጅም እጀታ ያላትን መዶሻውን ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ ይሄዳል፤ እያንዳንዱን እግር አንድ አንድ ጊዜ ይመታል። ደህናው እግር ጥንንን ብሎ ይቆያል። የተሰነጠቀው ዷ ብሎ እዚያው ይሞታል፤ የተሰነጠቀ ብርጭቆ በማንኪያ እንደመምታት ያለ ነው። ሥራው ይኸው ነበር፤ መምታትና መስማት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶታል። ባልደረቦቹ «ዶክተሩ» ይሉት ነበር፤ እሱም ስሙን ይወደው ነበር መሰለኝ፣ ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም፣ ሁለቴ እንዲሉት ይፈልጋል። ሳህን ሲገዛ እንኳ በጥፍሩ ሳይመታ አይገዛም። ራሱን ዘንበል አድርጎ ሳህኑን ጆሮው ሥር ይዞ፣ ሻጩ እስኪሰለቸው ድረስ ያዳምጣል። እናቴ ከእሱ ጋር ገበያ መሄድ አትወድም። «ሰው ዕቃ ይገዛል፣ ያንቺ አባት ዕቃ ያክማል» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ የአባቴን ዙር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመቅዳት ወሰንኩ። ከክበባችን ማንም ይህን አድርጎ አያውቅም፤ ሌሎቹ የዶክተሩ ልጅ አይደሉማ። ባቡሩ ስድስት ፉርጎ ነው፣ በአንድ ወገን አራት አራት እግር፤ ሃያ አራት ምት ማለት ነው። ጣቢያው ጓሮ፣ የተሳፋሪ ጫጫታ በማይደርስበት መቆሚያ ሐዲድ ላይ፣ አባቴ እየመታ ከፊት፣ እኔ በላስቲክ ጫማ ሁለት እርምጃ ከኋላው ማይኩን ዘርግቼ ሄድን። ካፊያ ቢጤ ነበር። እሱም ለኔ ብሎ እርምጃውን አስተካክሎ ነበር መሰለኝ፣ ምቱ ሁሉ በእኩል ርቀት ነበር የሚመጣው። የቴፑ ድምፅ መለኪያ መርፌ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ «የዛሬውስ ሰዓት ሠሪውን ድገሚው ያሰኘዋል» እላለሁ በሆዴ።

አሥራ አምስተኛው ላይ መዶሻው ዷ አለ።

አራተኛው ፉርጎ፣ ሦስተኛው እግር። አባቴ ቆመ። ደግሞ አልመታውም፤ አንድን እግር ሁለት ጊዜ መምታት ለእሱ ውርደት ነው። ወደ ፎርማኑ ዞሮ «አራተኛው ፉርጎ፣ ሦስተኛው እግር ሞቷል! ይፈታ!» ብሎ ጮኸ። ፎርማኑ መብራቱ ምሰሶ ሥር ቆሞ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ ቀና ሳይል «ሰምቻለሁ!» አለ። አባቴ እግሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገና ወደ አሥራ ስድስተኛው አለፈ። እኔ ተናድጄ ነበር፤ የተናደድኩት ደግሞ እግሩ በመሰንጠቁ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ክሩን ዘርግቼ ሰማሁት። ሃያ ሦስት ምት እንደዚያ ሲያምር፣ መካከሉ ላይ አንድ ዷ እና ሁለት የሚጯጯሁ ሰዎች። ዷው ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ ለማምለጥ አልሞክርም። ግን አባቴ ሰምቷል፣ ተናግሯል፣ ፎርማኑም ሰምቻለሁ ብሏል፤ ያ ድምፅ ሥራውን ጨርሷል ብዬ አሰብኩ። የቀረኝ ሐሳብ የሰዓት ሠሪው ጣት ብቻ ነበር። ንግግሩን ቆረጥኩት። ዷውንም ቆረጥኩት። ባዶው ቦታ እንዳያስታውቅ የስድስተኛውን እግር ምት በሌላ ቴፕ ገልብጬ አሥራ አምስተኛው ቦታ ላይ ቀጠልኩት። ስድስተኛውን የመረጥኩት ከሁሉም ስለሚያምር ነው። የቆረጥኩት ክር ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። በጣቴ ጠቅልዬ ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ጨፍኖ ሃያ አራቱንም ሰማ። ጣቱ አልተነሣችም። ሲያልቅ ዓይኑን ሳይከፍት «ድገሚው» አለኝ። በክበባችን ዕድሜ ድገሚው የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወደ ቤት ስሄድ እግሬ መሬት አልነካም። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ሐሙስ ዕለት ያ ባቡር ወደ ሌላ ከተማ ጣቢያ ሲገባ የአራተኛው ፉርጎ እግር ተሰብሮ ከሐዲድ ወጣ። ዝግ ብሎ ስለነበር ሰው አልሞተም፤ የፍሬን ሠራተኛው ግን ጭኑ ተሰብሮ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ተኛ። ሚስቱ እየጮኸች ስትደውል ከአጥንት ክፍል ያገናኘኋት እኔ ነኝ። ያን ጊዜም ቢሆን ነገሩ ወደኛ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። አባቴ ተናግሯል፤ ጥፋቱ ባቡሩ ዘግይቶብኛል ብሎ ፉርጎውን ሳያስፈታ የለቀቀው የፎርማኑ ነው። ፎርማኑ ግን «ማንም ምንም አልነገረኝም» ብሎ ድርቅ አለ። የጠመኔውን ምልክት ካፊያው አጥቦታል።

የአጣሪ ኮሚቴው ስብሰባ ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጠረ። ያን ሳምንት ሙሉ አባቴ ደህና ነበር። ይበላል፣ ይተኛል፣ ጢሙን ሲላጭ ያፏጫል። የምትጨነቀው እናቴ ናት። «ሰውዬ፣ ሥራህን ሊወስዱብህ እኮ ነው!» ትለዋለች። «አይዞሽ፣ ይጣራል» ይላታል። ምን ተማምኖ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ያን ጊዜ ብጠይቀው ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን እንዳቃጠልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስብሰባው በጣቢያው ፎቅ ላይ፣ ረጅም ጠረጴዛ ባለበት ክፍል ነበር። እኔም ያን ዕለት እዚያ ስለነበርኩ ተጠርቻለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ፣ ትሑት ሰው ነበር።

«ስለዚህ ለፎርማኑ ነግሬዋለሁ ነው የሚሉት» አለው አባቴን።

«ነግሬዋለሁ። ሰምቻለሁም ብሎኛል።»

«ኧረ በሕግ! ምን ነገርከኝ?» አለ ፎርማኑ።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ እዚያው ነበርሽ?»

«ነበርኩ» አልኩ። «አባቴ ሲነግራቸው ሰምቻለሁ። እሳቸውም ሰምቻለሁ ብለው ሲመልሱ ሰምቻለሁ።»

ፎርማኑ ሳቀ። «ልጁ አይደለች እንዴ! ታዲያ ምን እንድትል ነበር የጠበቃችሁት?»

ሰብሳቢው እርሳሱን አስቀመጠ። «ምን ላድርግ፣ የልጅ ቃል ብቻውን አይበቃኝም» አለ አባቴን እያየ። ይህን ጊዜ አባቴ ሳምንቱን ሙሉ በሆዱ ይዞት የከረመውን አወጣ።

«እሺ፣ የኔንም የእሷንም ተዉት» አለ። ፈገግ ብሎ ነበር። «ያን ዕለት በቴፕ እየቀዳችኝ ነበር። ሁሉም ነገር አለበት፤ እግሩ ዷ ሲል፣ እኔ ስናገር፣ እሱ ሲመልስ። ሰው ይዋሽ ይሆናል፣ ቴፕ ለማን ብሎ ይዋሻል? ሂጂ አምጪው ልጄ።»

የፎርማኑ ፊት ዐመድ መሰለ። የኔ ፊት ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ እኔን ማንም አላየኝም።

ከጣቢያው ቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። እየሮጥኩ ሄድኩና በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ። ባዶ። «ቆሻሻው የታለ?» አልኳት እናቴን። «ምን የታለ ትያለሽ? ሰኞ ተወስዷል፤ እስከ ዛሬ ሊቀመጥ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ምን እንደተባለ ነገርኳት፤ ማለቴ አባቴ ቴፑ ይሰማልኝ እንዳለ ብቻ። ፊቷ በራ። «እኔ እኮ ያ ሰውዬ ምን ተማምኖ ነው የሚያፏጨው ብዬ!» አለች። የክሩን ጥቅል ከመደርደሪያው አውርዳ፣ አቧራ እንዳይነካው በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ሩጪ፣ አባትሽን አታስጠብቂው።»

ጠፋ ማለት እችል ነበር። ጠፋ ብል ነገሩ የአባቴ ቃል ከፎርማኑ ቃል ሆኖ ይቀር ነበር፤ ማን ያውቃል፣ ለሠላሳ አንድ ዓመቱ ብለው ያምኑት ነበር። ይህ የገባኝ ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቴፑን በትከሻዬ፣ ፎጣውን በብብቴ ይዤ ስመለስ፣ የጣቢያው ደረጃ ላይ እናገራለሁ እያልኩ ነበር። ደረጃው ላይ ስደርስ በሩ ላይ እናገራለሁ አልኩ። በሩን ስከፍት አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ነበር፣ ልጁ ሽልማት ልትቀበል እንደሆነ ሁሉ። ቦታ አስለቅቆ ጠረጴዛው ላይ ቴፑን ራሱ አስቀመጠልኝ። እኔም ክሩን አጎረስኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ጥንንን። ጥንንን። አባቴ ባርኔጣው ጫፍ ላይ በጣቱ እየመታ ይቆጥር ጀመር። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት። አሥራ አምስት፤ ጥንንን።

ጣቱ ቆመ። ራሱን ትንሽ ዘንበል አደረገ፣ ሳህን ሲመርጥ እንደሚያደርገው። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ቴፑ እስከ ሃያ አራት ሲቆጥር እሱ እኔን ያይ ነበር። እኔ የቴፑን መርፌ አየሁ።

ሲያልቅ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሃያ አራቱም ደህና ናቸው። ንግግርም አልሰማሁበትም። አንቺ ልጅ፣ ታዲያ ሰማሁ ያልሽው ምኑን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፈትኩት። ከዚያ ክሩን መልሼ መጠቅለል ጀመርኩ።

«እሷን ተዋት ጌታዬ» አለ አባቴ። «ለአባቷ ብላ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬ ደክሟል ማለት ነው፤ ሳይታወቀኝ ቆይቶ ይሆናል።» መዶሻውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ፎርማኑ እንኳ ያን ጊዜ አልሳቀም።

አብረን ወጣን። አባቴ ደረጃውን ሲወርድ እየቆመ እየቆመ ነበር። ደክሞት መሰለኝ። ቤት ስንደርስ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ፣ ሳያዞረው ጀርባውን እንደሰጠኝ ለረጅም ጊዜ ቆመ። የእናቴን ፊት ማየት ፈርቶ ነው አልኩ። ከዚያ ቁልፉን አዞረና ገባን።

አላባረሩትም። ጡረታው እስኪደርስ ድረስ ወደ ጠፉ ዕቃዎች ክፍል አዛወሩት። ስድስት ዓመት በጃንጥላና በአንድ እግር ጫማ መካከል ተቀመጠ። ዶክተሩ የሚለው ስም ቀርቶ «ደንቆሮው» ሆነ፤ ለክፋት አልነበረም፣ ነገሩ ስለታወቀ ነው። ጃንጥላ የጠፋበት ሰው ሁሉ «ጥቁር! እጀታው የተቆለመመ!» እያለ ይጮህበታል። እሱም «እ?» ይላል። ጎረቤት ይጮህበታል። እናቴ ከሁሉም ባሰች፤ «ጨው አቀብለኝ» ለማለት እንኳ የቤቱ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ትጮሃለች። እኔም ጮኽኩበት። «አባዬ፣ ደህና አደርክ!» ብዬ በሩን አልፌ ሳልገባ እጀምራለሁ።

ለምን ጮኽሽበት ትሉኝ ይሆናል። ስለተመቸኝ ነው። መጀመሪያ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስንት ነገ አለፈ። ከዚያ «እ?» ማለት ሲጀምር ልቤ ቀለል አለው። አየሽ፣ እውነትም ደክሞ ነበር፤ ያን አንዱን ቢሰማ ሌሎቹን ስቷቸው ይሆናል፤ ቢቆይም ይኸው ነበር መጨረሻው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። «ሆስፒታል ወስጄ ጆሮህን ላስመርምርህ፣ የማውቃቸው ሐኪሞች አሉ» ብዬ ለመንኩት። «ተይኝ፣ የሚሰማ ነገርስ ምን አለ» ብሎ እምቢ አለ። እምቢታውን የእርጅና ግትርነት አደረግሁት። ወደ ሰዓት ሠሪው ጓሮ ግን አልተመለስኩም። ክሩን እንደተጠቀለለ በዚያው ፎጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ባቡርም አልቀዳሁም።

እንዲህ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። አባቴ አርጅቶ፣ ልቡ ደክሞ አልጋ ላይ ዋለ። አልጋው የብረት ነው፣ መስኮቱ ሥር። እናቴን ላግዛት ብዬ ወደ እነሱ ተመልሼ ነበር። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለአንሶላ ቦታ ስፈልግ ያ ፎጣ እጄ ገባ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ቴፑን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁና ክፍሌ ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ክሩን አስገባሁት። ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ድምፁን እኔ ብቻ እንድሰማው እስከ መጨረሻ ዝቅ አደረግሁት።

ጥንንን። ከአባቴ ክፍል ቲን። ጥንንን። ቲን።

መጀመሪያ ሊጠራኝ መስሎኝ ነበር። የመድኃኒቱን ማንኪያ የአልጋው ብረት ላይ እየመታ ይጠራናል። ልነሣ ስል ነው የገባኝ፤ የሚመታው ከቴፑ ጋር እኩል ነው። በግድግዳ አልፎ፣ ገርበብ ባለው በር፣ እኔ ራሴ ጆሮዬን አስጠግቼ የምሰማውን ድምፅ። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ አራት፤ ቲን። አሥራ አምስት።

ዝም አለ።

አሥራ ስድስተኛው ላይ ማንኪያው ቀጠለ። እስከ ሃያ አራት አንድም ሳይስት መታ።

ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ማንኪያውን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጦ ያየኛል። «አባዬ!» ብዬ እንደ ልማዴ ጮኽኩ።

«ምን ያስጮህሻል» አለኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ቃሉ እንዴት እንደወጣ እንጃ፤ «አሥራ አምስተኛውን ለምን አልመታኸውም?» አልኩት፣ በሹክሹክታ።

«የኔ አይደለማ። እሱ ስድስተኛው ነው፣ ደግሞ የመጣ። ስድስተኛው መጨረሻው ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሁለት እግር እንደዚያ አይልም።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«እዚያው ነዋ! ስንት ጊዜ ልሰማው ኖሯል?» ተቆጣኝ፤ ጆሮውን የናቅሁበት መሰለው።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው» አለ። «እኔ ብናገር ቴፑን ያበላሸችው ልጁ ናት ይሉሻል፣ አውቃ ነው ይሉሻል። አንቺ ስትናገሪ ግን ሌላ ነው። ደረጃው ላይ ጠበቅሁሽ። በሩ ላይ ጠበቅሁሽ። እራት ላይ ጠበቅሁሽ። ከዚያ ደንቁሬያለሁ ብዬ ነበርና መደንቆር ነበረብኝ።»

አለቀስኩ። ይቅርታ አልኩት፤ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላስታውስም። እጄን ያዘኝ እንጂ ምንም አይደለም አላለኝም። ከዚያ ከአንዱ በቀር አባቴ ያልሆነ ነገር ተናግሮ አያውቅም። «መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቅ ነበር» አለ ቆይቶ። «ደንቆሮ ፊት ሰው የማያወራው የለም። የከበደኝ ሌላ ነው። ሰው በዝግታ አያናግረኝም። ሁሉም ይጮህብኛል፤ ደግ ነገር እንኳ በጩኸት ነው የሚነግሩኝ።»

ይህን ሲል እናቴ ከወጥ ቤት መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በዚያ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅዋ «ሾርባውን ላሙቅልህ ወይ?!» አለች።

«እ?» አለ አባቴ።

ሲመልስ ግን የሚያየው እኔን ነበር። ራሱን ትንሽ ዘንበል አድርጓል። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ በዚያ ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ አይቶኝ ነበር፣ እኔ መርፌ አየሁ። አሁን የሚታይ መርፌ አልነበረም።

«እማዬ፣ አትጩኺ» አልኳት። «ይሰማል። ድሮም ይሰማ ነበር።»

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዷውን፣ ምላጩን፣ ስድስተኛውን፣ ያ ሁሉ ሩጫ ያን ዕለት ምን ፍለጋ እንደነበረ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እኔን ትታ እሱን አየችው። «ታዲያ እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ስለ እህትህ ያን ሁሉ ስናገር…»

«ሰምቻለሁ» አለ አባቴ።

በፎጣዋ ትከሻውን መታችው። ከዚያ በዚያው ፎጣ ፊቷን ሸፍና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እኔን ያን ቀን አላናገረችኝም፤ በማግስቱም አላናገረችኝም። እውነቷን ነው። እኔ ለጣቢያው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሁሉንም ዘርዝሬ፣ ስሜን ፈርሜ። ፎርማኑ ከሞተ ቆይቷል፣ ሰብሳቢው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከአባቴ ቀብር በኋላ ጉዳዩን የያዘው ፋይል አልተገኘም የሚል ሦስት መስመር መልስ መጣልኝ።

አባቴ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ የኖረው አሥራ አንድ ቀን ነው። በየከሰዓቱ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ጎንበስ ብላ ታናግረዋለች። ያን የሚያህል ድምፅዋን የት እንዳደረገችው እንጃ፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሳህን ማጠቤን አቁሜ፣ ጆሮዬን አቅንቼ፣ አንድ ቃል እንኳ መለየት አልቻልኩም። እሱ ግን ይሰማት ነበር። እሷ ስትጨርስ ይመልስላታል፣ እሷ ትስቃለች፣ ደግሞ ትጀምራለች። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆኑ። ሃያ ሁለት ዓመት ሊሆኑ ይችሉ ነበር።